ዋጋ መጠየቅ የሞተን መናቅ አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 ላይ እናታችን ሣራ በ127 ዓመቷ እንዳረፈችና አባታችን አብርሃም እንዳለቀሰላት ተጽፏል። የልቅሶው ነገር የተነገረው በአጭሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የምዕራፉ ክፍል ግን በሙሉ ማለት ይቻላል የሚናገረው ስለ መቃብር ግዢ ነው። አብርሃም ከሬሳው ፊት ተነሥቶ ወደ ኬጢ ልጆች ሄደ፤ የሚፈልገውን ቦታ ለይቶ ተናገረ፤ ሙሉ ዋጋውን እንደሚከፍልም አስታወቀ። ባለ ርስቱ ኤፍሮን በመጀመሪያ ቦታውን በነጻ ሊሰጠው እንደሚወድ ተናገረ፤ ቀጥሎም በወዳጆች መካከል እንደማይቈጠር ነገር አስመስሎ ዋጋው 400 ሰቅል ብር መሆኑን ጣል አደረገ። አብርሃም ብሩን በነጋዴዎች ዘንድ በሚሠራበት ሚዛን መዝኖ፣ በከተማይቱ በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ከፈለ። እርሻው፣ ዋሻውና በዙሪያው ያሉት ዛፎች ሳይቀሩ ተዘርዝረው ጸኑለት።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን አንዱን ብቻ ልያዝ። አብርሃም ሐዘኑ ዋጋ ከመጠየቅ፣ በምስክር ፊት ከመክፈልና የገዛውን ለይቶ ከማወቅ አልከለከለውም። ይህን በማድረጉም ሚስቱን አላቃለለም። በእኛ ዘመን ግን ኀዘንተኛ ዋጋ ሲጠይቅ የሚያፍርበት፣ የጠየቀም እንደሆነ «ለሞተ ሰው ይከራከራሉ እንዴ?» የሚባልበት ልማድ ሰፍኗል። በእኔ እምነት ይህ ልማድ ሙታንን አያከብርም፤ ባልቴቶችንና የሙት ልጆችን ግን ይጎዳል። የሸማች መብት የሚባለው ነገር በገበያና በሱቅ ብቻ የሚቀር ሳይሆን በኀዘን ቤትም ሊጠበቅ የሚገባው ነው፤ ስለዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያንም ልጆቿም ዝም ሊሉ አይገባም።

የቀብር ግዢ ከሌላው ግዢ ሁሉ የሚለይበት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ጊዜ የለም። በእኛ ዘንድ ሰው ዐርፎ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይቀበራል። ሌሊት ያረፈ ሰው ቀብሩ ለስምንት ወይም ለዘጠኝ ሰዓት ከተለፈፈ፣ ቤተሰቡ ሁሉን ነገር የሚገዛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ልምድ የለም። ጤፍ የሚሸምት ሰው የጤፍን ዋጋ ያውቃል፤ የሬሳ ሣጥን ግን አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚገዛው። ሦስተኛ፣ ዕቃው አይመለስም። ጫማ ጉድለት ቢገኝበት ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ሣጥን ግን ከነጉድለቱ አፈር ይገባል። አራተኛ፣ ሀፍረት አለ። ገዢው የሚፈራው ሻጩን ብቻ አይደለም፤ ጎረቤትን፣ ዘመድን፣ በኋላ የሚወራውንም ሁሉ ይፈራል። እነዚህ አራቱ በአንድ ላይ ሲገጥሙ ገዢው አቅም የሌለው ይሆናል፤ ሻጩም ፈሪሃ እግዚአብሔር ከሌለው የልቡን ማድረግ ይችላል።

በዲቁና የሚያገለግል ሰው ብዙ ቀብር ያያል። እኔም በማገለግልበት አጥቢያ ፍትሐት ላይ ስቆም፣ ከጸሎቱ በኋላ ቤተሰቡ በለሆሳስ ስለ ገንዘብ ሲነጋገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ እናቱን በሌሊት ያጣ ወጣት ከሆስፒታል ደጃፍ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ሣጥን ሊገዛ ሄዶ የገጠመውን አጫውቶኛል። በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ዋጋ አልነበረም። ሻጩ አስቀድሞ የጠየቀው የሟቿን ቁመት ሳይሆን የልጁን ሥራ ነው። ልጁ ወደ ቀለል ያለው ሣጥን ሲያመለክት «ለእናትህ ይኼን?» አለው። በዚህ አንድ ቃል ክርክሩ አበቃ። ሣጥኑ፣ መገነዣው፣ አበባው፣ የተጎላበተው ፎቶግራፍና መኪናው ተደምረው አንድ ድምር ተነገረው፤ የትኛው ስንት እንደሆነ አልተነገረውም፤ ደረሰኝም አልተሰጠውም። ያን ልጅ ከዐርባው በኋላ ሳገኘው ዕዳው ገና አላለቀም ነበር። ስለ እናቱ የሚያስታውሰው ነገር ውስጥ ያ ቃል ገብቶ መቅረቱ ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዝነኛል።

«ታዲያ ለእናት የሚሆን ነገር ይቆጠባልን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሙታንን ማክበር ክርስቲያናዊ ግዴታ ነው፤ ጦቢት የወገኖቹን ሬሳ በሥውር እየቀበረ የተመሰገነ ጻድቅ ነው። ኒቆዲሞስም ለጌታችን መቃብር መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ መጥቷል። ነገር ግን ኒቆዲሞስ ያመጣው ያለውን፣ ወዶና ፈቅዶ ነው፤ ነጋዴ አሳፍሮት አልነበረም፤ ሊበደርም ማንም አላስገደደውም። በአንጻሩ ታላቁ አባ እንጦንስ ሁለት ደቀ መዛሙርቱ ብቻ በሥውር እንዲቀብሩትና መቃብሩን ለማንም እንዳይናገሩ አዝዟል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ለሬሳ የሚደረገውን የልብስና የጌጥ ብክነት በስብከቱ አጥብቆ ገሥጿል። የሀገራችን አበውና እመውም በነጭ መገነዣ ተገንዘው፣ በሰሌን ተጠቅልለው ወደ መቃብር ሲወርዱ ማንም ተዋረዱ አላላቸውም።

ቤተ ክርስቲያናችን ላረፉት ይጠቅማል ብላ የምታስተምረው ጸሎተ ፍትሐት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። የሣጥን ጌጥ በዚህ ውስጥ አይቈጠርም። ባለ ብዙ ጌጡ ሣጥን ከቀላሉ ሣጥን በሚበልጥበት ዋጋ ስንት ነዳያን ሊበሉ እንደሚችሉ ያሰበ ሰው፣ ለእናቱ የሚሻላት የትኛው እንደሆነ ለመወሰን አይቸገርም። አቅም ኖሮት በፈቃዱ ከፍ ያለውን የሚመርጥ ሰው አይነቀፍም። የምንቃወመው ምርጫው በማሳፈርና በማደናገር ሲወሰድበት ነው።

የሀገራችን ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ በመሆኔ ይህን በጥቂቱ ላመልክታችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ መገልገያ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለሚገዛ ሰው መብቶችን ደንግጓል። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ዋጋ ስለ ጠየቀ ወይም ስለ ተከራከረ ብቻ ለመግዛት ያለመገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው። ነጋዴው በበኩሉ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በሚታይ ቦታ የመለጠፍ፣ ለሸጠውም ወዲያውኑ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሸማቹ የማይፈልገውን ዕቃ ከሚፈልገው ጋር አጣምሮ በግድ መሸጥም የተከለከለ ነው። የሬሳ ሣጥን ሱቅ ከዚህ ሕግ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የተበደለ ሰው በአካባቢው ወደሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማመልከት ይችላል።

ደረሰኝ መያዝ ሌላም ጥቅም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሟች የውርስ ሀብት ላይ ከሌሎች ዕዳዎች አስቀድሞ የቀብር ወጪው እንዲከፈል ያዝዛል። ከወንድማማቾች አንዱ ወጪውን ሁሉ ሸፍኖ በኋላ በውርስ ክፍፍል ጊዜ ጠብ ሲነሣ፣ የወጣው ገንዘብ የሚታወቀው በወረቀት ነው። ስንት ቤተሰብ ነው በአባቱ ቀብር ሒሳብ የተቀያየመው! ያን ዕለት «ደረሰኝ ስጡኝ» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ብዙ ቂም በቀረ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ በቤተ መቅደስ የምናገለግል ሰዎች ሻጩን ብቻ ወቅሰን ብንቀመጥ ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። ጸሎተ ፍትሐት አይሸጥም፤ ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ በገንዘብ ሊገዛ በሻተ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ የመለሰለትን እናውቃለን። ስለዚህ ጸሎቱን በተመለከተ ስለ ሸማችና ስለ ነጋዴ መናገር አይገባም። ነገር ግን በአጥቢያችን የሚከፈል ነገር አለ፤ የመቃብር ቦታ ወይም የፉካ ክፍያ፣ የሐውልት ፈቃድ፣ የሰበካ ጉባኤ የአባልነት ውዝፍ፣ ለመቃብር ቆፋሪዎች የሚሰጠው፣ ለአገልጋዮች የሚበረከተው። ከእነዚህ ውስጥ ግዴታ የሆነው የትኛው ነው? በፈቃድ የሚሰጠውስ የትኛው ነው? ኀዘንተኛው ይህን ለይቶ የማያውቅ ከሆነ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥም ያው የሱቁ ግራ መጋባት ይገጥመዋል።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤያት በልጅነት አንደበት የማቀርበው ልመና ይህ ነው። ግዴታ የሆኑት ክፍያዎች ከነመጠናቸው በአንድ ሰሌዳ ላይ ተጽፈው በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ይለጠፉ። ለእያንዳንዱ ክፍያ ካርኒ ይቆረጥ። የሌለው ሰው በነጻ እንደሚስተናገድ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ድሀ ድህነቱን በሰው ፊት እየተናገረ እንዳይለምን። ከአገልጋዮችም መካከል ኀዘንተኛን ወደ አንድ ሱቅ እየመራ ከሻጩ ኮሚሽን የሚቀበል ቢኖር፣ ይህ የክህነትን ክብር የሚያጎድፍ ነውና ሊገሠጽ ይገባል። ሕግ ነጋዴውን ዋጋህን ለጥፍ ካለው፣ ወንጌል እኛን ከዚያ የበለጠ ግልጽነት ይጠይቀናል።

ዕድርን የመሰለ ረዳት ያለን ሕዝብ በመሆናችን እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ጥሩንባ ነፊው፣ ኀዘንተኛውን የማይተወው ጎረቤት ሁሉ ከዚያ ይገኛል። ነገር ግን ከመካከላችን ቤተሰቡ የገባበትን ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ያነበበ ስንት ነው? ዕድሩ ለቀብር የሚከፍለው ስንት ነው? የሚከፍለው በዚያው ዕለት ነው ወይስ ከቀብር በኋላ? ለሚስት ወላጆች፣ ለወንድም፣ ለእኅት ይከፍላልን? አዲስ አባል ሙሉ መብት የሚያገኘው ስንት ወር ከቈየ በኋላ ነው? ወርኃዊ መዋጮ ያሳለፈ ሰው ምን ይሆናል? እነዚህን ጥያቄዎች በሰላሙ ቀን ያልጠየቀ ሰው መልሳቸውን የሚሰማው በልቅሶ መካከል ነው። ዕድሮችም ሣጥንና መኪና ከሚያቀርቡ ሰዎች ጋር ለአባላቱ ሁሉ አስቀድመው ዋጋ ቢዋዋሉ፣ አንድ ኀዘንተኛ ብቻውን ያላገኘውን ቅናሽ መቶ አባወራ በአንድነት ሊያገኝ ይችላል። ይህ አዲስ ገንዘብ ማዋጣትን አይጠይቅም፤ አንድ ስብሰባና አንድ የውል ወረቀት ይበቃዋል።

በውጭ ሀገር ለምትኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው የቀብር ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሠራ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት የቀብር ድርጅት በአካል ሄዶ ለሚጠይቅ ሰው ዝርዝር የዋጋ ወረቀት የመስጠት፣ በስልክ ለሚጠይቅም ዋጋ የመናገር ግዴታ አለበት። ገዢው የሚፈልገውን ብቻ ለይቶ መውሰድ ይችላል፤ ሣጥን ከሌላ ቦታ ገዝቶ ቢያመጣም ድርጅቱ አልቀበልም ሊለው ወይም በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ሊያስከፍለው አይችልም። ሬሳን በመድኃኒት ማድረቅም ሕግ ሳያዝዝ ሕግ ያዝዛል ብሎ ማስከፈል ክልክል ነው። ይህን ሳያውቁ የቀረበላቸውን ሁሉ የሚፈርሙ ወገኖቻችን ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። አስከሬን ወደ ሀገር ቤት ለመላክ በአሜሪካም ሆነ በዐረብ ሀገራት በየማኅበሩ መዋጮ ሲሰበሰብም፣ የተሰበሰበውና የወጣው በጽሑፍ ለሰጪዎቹ ቢገለጥ መተማመንን ያጸናል፤ ለሚቀጥለውም ኀዘንተኛ በር ይከፍታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። «ስለ ሞት ማውራት ሟርት ነው» የሚሉ አሉ። አባታችን ያዕቆብ ግን የሚቀበርበትን ቦታ ለዮሴፍ ነግሮ አስምሎታል፤ ልጆቹንም ሰብስቦ አዝዟቸዋል። ሞትን ዘወትር ማሰብ ደግሞ የአበው ትምህርት ነው፤ የሚያስበውም ሰው ለቤተሰቡ ሸክም እንዳይተው ያስባል። ስለዚህ በየቤታችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ጥቂት ነገሮችን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። በየትኛው ደብር መቀበር ይፈልጋሉ? የሰበካ ጉባኤ የአባልነት መታወቂያቸውና የዕድር ደብተራቸው የት ተቀምጧል? የንስሐ አባታቸው ማን ናቸው? በዕለቱ ስለ ገንዘብ የሚነጋገረው ማን ነው? ወጪውስ ከስንት እንዳይበልጥ ይሻሉ? እናት ራሷ «ለእኔ ቀላሉ ሣጥን ይበቃኛል፤ የተረፈውን ለነዳያን ስጡልኝ» ብላ አስቀድማ የተናገረች እንደሆነ፣ በዚያች ሌሊት ማንም ልጇን በስሟ ሊያሳፍረው አይችልም። የራሷ ቃል ጋሻ ይሆነዋል።

በዕለቱም ቢሆን የሚደረግ አለ። ሊገዛ የሚሄደው ዋናው ኀዘንተኛ አይሁን፤ የሚያለቅስ ዐይን ዋጋ አያነብምና። ልቡ የተረጋጋ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይሂድ፤ ብቻውንም አይሂድ። ቢያንስ ሁለት ሱቅ ይጠይቅ፤ በስልክም ቢሆን። ድምሩን ሳይሆን የእያንዳንዱን ዋጋ ያስነግር፤ የማይፈልገውን ያስቀር። መኪናው ከየት እስከ የት፣ ለስንት ሰዓት እንደሆነ አስቀድሞ ይነጋገር። ሳይከፍል ሣጥኑን ከፍቶ ወለሉንና እጀታውን ይመልከት። ደረሰኙን ተቀብሎ ለቤተሰቡ ያስረክብ።

እናንተ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሆይ፣ ይህ አገልግሎት የእናንተ ሊሆን ይችላል። ኀዘን በደረሰበት ቤት ሄደን መዝሙር እንዘምራለን፣ እናጽናናለን፤ መልካም ነው። ከዚህ ጋር ከመካከላችን ሁለት ሦስት ሰዎች ተመርጠው በአካባቢያችን ያሉትን ሱቆች ዋጋ በየጊዜው ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ የሞተበት ቤተሰብ ሲጠራቸውም አብረው ቢሄዱ፣ ይህ ከመጽናናት ሁሉ የሚሻል መጽናናት ነው። ሥራው ትልቅ ዕውቀት አይፈልግም፤ አንድ ደብተርና የታመነ ልብ ይበቃዋል።

በዚህ ንግድ ለምትኖሩ ወገኖቻችንም በወንድምነት እናገራለሁ። ሥራችሁ የተናቀ አይደለም፤ ሌሊት የሚንኳኳ በር የምትከፍቱ እናንተ ናችሁ፤ ትርፍ ማግኘታችሁም ተገቢ ነው። ግን ዋጋችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ለጠየቀ ሁሉ አንዱን ዋጋ ተናገሩ። ኦሪት በአንድ ከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሚዛን እንዳይኖር ስታዝ፣ ለሀብታሙ አንድ፣ ላለቀሰው ሌላ ዋጋ መናገርንም መከልከሏ ነው። ይህን ያደረገ ነጋዴ ገበያው አይጎድልበትም፤ ሰው በኀዘኑ ቀን ያዘነለትን አይረሳምና።

በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት ስትመለሱ፣ የዕድሩን ደንብ ከተቀመጠበት አውጥታችሁ አንብቡት፤ ከወላጆቻችሁም ጋር ተነጋገሩበት።

አምላካችን እግዚአብሔር ያረፉትን ነፍሳት በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ያዘኑትን ያጽናናልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።